አሜሪካ ስትገቡ ዊልቼር የሚያስገባ ቫን እንዴት ታገኛላችሁ? ከወንበሩ ልክ እስከ ማሰሪያው ዝርዝር መመሪያ

ዊልቼር ተጠቃሚ ይዘው ወደ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚመጡ ቤተሰቦች ገንዘባቸውን የሚያጡት በአብዛኛው በአንድ ምክንያት ነው፦ ቫኑን ያስቀድሙና ወንበሩን ያስከትላሉ። አንዳንዱ ተራ ሚኒቫን በርካሽ ይገዛና ራምፕ (ወንበሩ ወደ መኪናው የሚወጣበትን ተዳፋት) ሊያስገጥም ሲሄድ ያ ሞዴል ወይም ያ ዓመት ምርት እንደማይለወጥ ይነገረዋል። ሌላው ለዊልቼር ተብሎ የተለወጠ ቫን ከገዛ በኋላ ከኢንሹራንስ አዲስ የኤሌክትሪክ ወንበር ይመጣለታል፤ ወንበሩ በበሩ አያልፍም። ትክክለኛው ተራ እንዲህ ነው፦ ወንበር፣ ልክ፣ የገንዘብ ምንጭ፣ ቫን፣ ወረቀት፣ ማሰሪያ። አንዱን መዝለል የሚቀጥለውን ያበላሻል።

ከታች የምንጠቅሳቸው የቅጾች ስምና ግብር የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ናቸው። ሌላ ግዛት ከሆናችሁ ሥራው አንድ ነው፤ ቅጹ ይለያል።

## ደረጃ 1፦ ከመሳፈራችሁ በፊት

መኪና ይዛችሁ አትምጡ። ይህ በተለይ ከገልፍ አገሮች ለምትነሱ ነው። ዕድሜው ከ25 ዓመት በታች የሆነ መኪና አሜሪካ የሚገባው የአገሪቱን የደኅንነት ደረጃ አሟልቶ ሲሠራ ብቻ ነው። ለሌላ ገበያ የተሠራ መኪና ያን አያሟላም፤ ማስተካከያው ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እዚያው ሽጡት።

ወንበሩን ለበረራ አዘጋጁ። አየር መንገዶች ዊልቼርን ያለክፍያ ይጭናሉ፣ ግን የኤሌክትሪክ ከሆነ የባትሪውን ዓይነት አስቀድመው ማወቅ ይፈልጋሉ። ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ደውሉ። ባትሪው ሊትየም ሆኖ የሚነቀል ከሆነ የተለመደው ጣሪያ 300 ዋት-ሰዓት ነው፤ ቁጥሩ ባትሪው ላይ ተጽፏል፣ ፎቶ አንሱት። ከዚያ፦

1. ጆይስቲኩን (ወንበሩ በእጅ የሚነዳበትን ማንሻ)፣ የራስ መደገፊያውንና ትራሱን ፈትታችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙ። ጭነት ክፍል ውስጥ የሚሰበሩት እነዚህ ናቸው።
2. ሞተሩን ከጎማ የማላቀቂያ ማንሻው የት እንዳለ በእንግሊዝኛ በትልቁ ጽፋችሁ ወንበሩ ላይ ለጥፉ። ይህ ካልተጻፈ ሠራተኞቹ ጎትተው ይጭኑታል፣ ሞተሩም ይጎዳል።
3. ወንበሩን በአራቱም ጎን ፎቶ አንሱ። ተሰብሮ ከደረሰ ከአየር ማረፊያው ሳትወጡ አመልክቱ።

ቻርጀሩን አንብቡ። ኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው፣ አሜሪካ 120። ቻርጀሩ ላይ «100-240» የሚል ከሌለ አሜሪካ አይሠራም። ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ገዝቶ መሰካት ባትሪውን አይሞላውም።

የሕክምና ወረቀት በእንግሊዝኛ ያዙ። የምርመራው ስም፣ ችግሩ ከስንት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ እንዳለና ለምን ዊልቼር እንደሚያስፈልግ ይጻፍ። የጀመረበት ዕድሜ በደረጃ 5 ላይ ይጠቅማችኋል፤ አታስቀሩት።

## ደረጃ 2፦ ወንበሩን ወስኑ

ቫን ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ተጠቃሚው በሚቀጥሉት 2 ወይም 3 ዓመታት በዚሁ ወንበር ይቆያል? መልሱ «ምናልባት ይቀየራል» ከሆነ ቫን አትግዙ። አዲሱ ወንበር ይምጣ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከአገር ቤት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የሚታጠፍ የእጅ ወንበር ነው። እዚህ የሚታዘዘው የኤሌክትሪክ ወንበር መቀመጫው ከፍ ያለ፣ እግር ማሳረፊያው ወደፊት የወጣ፣ ክብደቱም ብቻውን ከ130 ኪሎ ሊያልፍ የሚችል ነው። ለታጣፊው የበቃ በር ለዚህኛው አይበቃም።

አዲስ ወንበር ሲታዘዝ «ደብሊውሲ19» የተባለውን ደረጃ የሚያሟላ፣ አራት የብረት ማሰሪያ ነጥቦች ያሉት እንዲሆን በግልጽ ጠይቁ። ይህ ወንበሩ በግጭት ተሞክሮ ያለፈ ነው ማለት ነው። ካልጠየቃችሁ ያለ ማሰሪያ ነጥብ ሊታዘዝ ይችላል፤ በኋላ ማስገጠም ደግሞ ሁልጊዜ አይቻልም።

## ደረጃ 3፦ ለኩ፣ ከዚያ ወደ ኢንችና ፓውንድ ቀይሩ

ሰውየው በወንበሩ ላይ፣ እንደ ዘወትሩ ተቀምጦ፣ ጫማ አድርጎ፣ ትራሱም ከሥሩ ሆኖ ይለካ። ባዶ ወንበር መለካት ዋጋ የለውም።

1. ከወለል እስከ ራስ አናት። ከሁሉም የሚበልጠው ቁጥር ይህ ነው። ራሱን ቀጥ አድርጎ ለኩ፤ የራስ መደገፊያው ከራሱ ከበለጠ የመደገፊያውን ያዙ።
2. ስፋት፣ ከውጭ እስከ ውጭ። ብዙ ጊዜ የሚሰፋው ጎማው ወይም ጆይስቲኩ ነው።
3. ርዝመት፣ ከጫማው ጫፍ እስከ ኋላው ጫፍ። ሰዎች እግሩን ይረሳሉ።
4. ከወለል እስከ ወንበሩ ዝቅተኛ ክፍል። ራምፑ ጫፍ ላይ የሚነካው ይህ ነው።
5. ክብደት። የወንበሩንና የሰውየውን ደምሩ፤ ከኋላ የሚገፋ ካለ እሱንም ጨምሩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ራምፑ ላይ ናቸውና።

ሴንቲ ሜትሩን ለ2.54 አካፍሉ፣ ኪሎውን በ2.2 አባዙ። ለምሳሌ 135 ሴንቲ ሜትር 53 ኢንች ገደማ ነው። ወንበሩ 140 ኪሎ፣ ሰውየው 75፣ ገፊው 70 ቢሆን ድምሩ 285 ኪሎ፣ ማለትም 627 ፓውንድ ነው። ብዙ የቫን ራምፖች ይህን ይችላሉ፤ ቢሆንም ራምፑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ሳታነቡ አትመኑ።

በራስና በበሩ መካከል ቢያንስ 2 ኢንች ትርፍ ይኑር። ራምፑ ዘንበል ስለሚል ወንበሩ በሩን ሲያልፍ ወደ ኋላ ይጋደላል፤ በወረቀት ላይ «ልክክ ይላል» የተባለው ቁጥር በተግባር ግንባር ያስመታል።

## ደረጃ 4፦ ቫኑ እስኪገኝ መንገድ ያዙ

ቫን ፍለጋው ወራት ይወስዳል። ቸኩሎ የገዛ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ለመታገሥ የሚያስችል መጓጓዣ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ።

ዲሲ አካባቢ ለአካል ጉዳተኞች ቤት ድረስ የሚመጣው አገልግሎት ሜትሮአክሰስ ነው። ማመልከቻው በሐኪም ይሞላል፣ ከዚያ ለግምገማ ትቀርባላችሁ። የተሟላ ማመልከቻ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ በፌዴራል ሕግ መሠረት እስኪወሰን ድረስ አገልግሎቱን የማግኘት መብት አላችሁ። ይህን መብት ካልጠየቃችሁ ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ቤት ከመከራየታችሁ በፊት አድራሻው በአገልግሎቱ ክልል ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ፤ ርካሽ አፓርታማ ብለው ከከተማ ወጣ ያሉ ብዙ ሰዎች ይህን ያጡታል። የሜትሮ ባቡር ጣቢያዎች ሁሉ አሳንሰር አላቸው፤ ከመውጣታችሁ በፊት የተበላሸ እንዳለ ስልካችሁ ላይ እዩ።

ራምፕ ያለው ቫን በቀን ወይም በሳምንት ይከራያል። ከመግዛታችሁ በፊት ልትገዙት ያሰባችሁትን ዓይነት ለጥቂት ቀን መከራየት ከብዙ ምክር ይሻላል።

## ደረጃ 5፦ የገንዘቡ መንገድ

አዲስ የተለወጠ ሚኒቫን ብዙውን ጊዜ ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ያገለገለ በአብዛኛው ከ25 እስከ 50 ሺህ መካከል ይገኛል። አሁን የምንለውን ከምንም በላይ ያዙ፦ ከማንኛውም ድርጅት እርዳታ የምትጠብቁ ከሆነ ፈቃዱ ከግዢው ይቅደም። አስቀድማችሁ የገዛችሁትን ማንም አይከፍልላችሁም ብላችሁ ቁጠሩ።

ሜዲኬርና ሜዲኬድ። ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ቫን አይገዛም። ሜዲኬድም (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው) መኪናውን አይገዛም፤ ሆኖም በአንዳንድ ግዛቶች ሰውን በቤቱ ለመርዳት በተዘጋጁ ልዩ ፕሮግራሞች አማካይነት ለራምፕና ለማሰሪያ ይከፍላል። በዲቪ ወይም በቤተሰብ በኩል ግሪን ካርድ ያገኙ አዋቂዎች በአጠቃላይ ሙሉ ሜዲኬድ ለማግኘት 5 ዓመት ይጠብቃሉ፤ ልጆችን ግን ሳያስጠብቁ የሚቀበሉ ግዛቶች ብዙ ናቸው። የልጅን ማመልከቻ በአባትየው ምክንያት አታዘግዩ።

ለሥራ ከሆነ። በሜሪላንድ ዶርስ፣ በቨርጂኒያ ዳርስ የሚባሉት የመልሶ ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤቶች፣ ሰውየው ሥራ ለመሥራት ቫን ማስለወጥ ካስፈለገው ለለውጡ ሊከፍሉ ይችላሉ። «ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ» ብላችሁ አታመልክቱ፤ የሚያዩት የሥራ ዕቅዱን ነው።

የአምራች ተመላሽ። ቶዮታ፣ ሆንዳና ክራይስለር አዲስ መኪና ላይ ለሚገጠም የአካል ጉዳት መሣሪያ እስከ 1000 ዶላር የሚመልሱበት ፕሮግራም አላቸው። የጊዜ ገደብ ስላለው በግዢው ሳምንት አመልክቱ። ሻጩ የመኪናውንና የለውጡን ዋጋ በደረሰኝ ላይ ለየብቻ ይጻፍ፤ አንድ ላይ ከተጻፈ ተመላሹ ይጓተታል።

ብድር። ዕቁብ ቅድመ ክፍያ ለመሰብሰብ ጥሩ ነው፤ የክሬዲት ታሪክ ግን አይገነባላችሁም። ከገባችሁ ወር ጀምሮ መያዣ የሚጠየቅበት ክሬዲት ካርድ አውጥታችሁ በየወሩ ሙሉውን ክፈሉ። ከዚያ የሠራተኞች ወይም የአካባቢ ክሬዲት ዩኒየን ሞክሩ። ሜሪላንድ ውስጥ በግዛቱ የረዳት ቴክኖሎጂ ፕሮግራም በኩል ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጥ ዝቅተኛ ወለድ ብድር አለ፤ ከዲለሩ (ከመኪና ሻጩ) ብድር በፊት እሱን ጠይቁ። ዘመድ አብሮ ከፈረመ ዕዳው የእሱም ነው፤ ይህ ሳይነገረው አታስፈርሙት።

ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የሚከፈል ወርሃዊ የመንግሥት ድጋፍ) የሚቀበል ሰው። በስሙ ያለው ገንዘብ ከ2000 ዶላር ካለፈ ክፍያው ይቆማል። ለቫን የሚዋጣ ገንዘብ ወይም የዕቁብ ዕጣ በእሱ የባንክ ሒሳብ ውስጥ እንዳይቀመጥ። መፍትሔው ኤብል የተባለው የአካል ጉዳተኞች የቁጠባ ሒሳብ ነው፤ በውስጡ እስከ 100 ሺህ ዶላር ቢቀመጥ ለኤስኤስአይ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2026 ወዲህ ጉዳቱ ከ46 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመረ ሰው ሊከፍት ይችላል። በደረጃ 1 የተባለው የሐኪም ወረቀት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። አንድ መኪና ራሱ፣ ለሰውየው ወይም ለቤተሰቡ መጓጓዣ እስከዋለ ድረስ፣ ዋጋው ምንም ቢሆን አይቆጠርም።

## ደረጃ 6፦ የቫኑን ዓይነት ምረጡ

በብዛት የሚለወጡት ቶዮታ ሲዬና፣ ክራይስለር ፓሲፊካና ሆንዳ ኦዲሲ ናቸው። ወለላቸው ተቆርጦ ዝቅ ይደረጋል። ስለዚህ ተራ ቫን ገዝቶ «ራምፕ መጨመር» የሚባል ነገር የለም፤ ሥራው መኪናውን ከሥሩ እንደገና መሥራት ነው። ቀድሞ የተለወጠ ግዙ።

በጎን የሚገባ። ተጠቃሚው ከሹፌሩ ጎን መቀመጥ ይችላል፤ ብዙዎቹ ላይ የፊት ወንበሩ ይነቀላል። መውጫው ወደ እግረኛ መንገድ ነው። ጉዳቱ፦ በቀኝ በኩል 8 ጫማ ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

በኋላ የሚገባ። ብዙውን ጊዜ ይረክሳል፣ ወንበሩ ቀጥ ብሎ ስለሚገባ መዞር የለም፣ ለቤተሰብም የበለጠ መቀመጫ ይተርፋል። ጉዳቱ፦ ተጠቃሚው ከመሃል ወይም ከኋላ ይቀመጣል፤ መንገድ ዳር ሲቆም ደግሞ መውጫው ወደ መኪኖች ነው። ብቻውን ለሚንቀሳቀስ ሰው አንመክረውም። ሁልጊዜ አጃቢ ላለው ልጅ ግን ገንዘብ ይቆጥባል።

ራምፑ ወለል ውስጥ የሚገባ ወይስ የሚታጠፍ? ወለል ውስጥ የሚገባው የበሩን መተላለፊያ አይዘጋም፣ አይንኳኳም፤ ግን አሸዋና በረዶ ይገባበታል። የሚታጠፈው ይንኳኳል፣ በእጅ ለመክፈት ግን ይቀላል። አሮጌ ቫን ከሆነ የሚታጠፈውን ምረጡ።

ሌላ ነገር፦ ወለሉ ስለወረደ ከመሬት ያለው ክፍተት አንሷል። የቤታችሁ መግቢያ ጉብታ ካለው ቫኑን እዚያው ሳታስነዱ አትፈርሙ።

ሰውየው ራሱ የሚነዳ ከሆነ ከቫኑ በፊት ለአካል ጉዳተኞች የመንዳት ግምገማ ወደሚሰጥ የተመሰከረለት ባለሙያ ይሂድ። ፍሬንና ነዳጅ በእጅ የሚቆጣጠርበት መሣሪያ የሚገጠመው በእሱ የጽሑፍ ትእዛዝ ነው።

## ደረጃ 7፦ ያገለገለ ቫን መመርመር

1. የሻንሲ ቁጥሩን አጣሩ። በብሔራዊ የመኪና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ያልተስተካከለ ሪኮል (አምራቹ ለጥገና የጠራበት ጉድለት) ካለ በነፃ ይታያል። የለዋጩን (ቫኑን የለወጠውን ኩባንያ) መለያ ቁጥርም ከበሩ አጠገብ ካለው ጽሑፍ ላይ ወስዳችሁ ለለዋጩ ደውሉ፤ ለራምፑ ሪኮል ሊኖር ይችላል። ሰዎች የመጀመሪያውን ያያሉ፣ ሁለተኛውን ይረሳሉ።
2. ሊብሬውን እዩ። በጎርፍ ወይም በከባድ አደጋ የተጻፈበትን አትንኩ። ሊብሬው በሻጩ ስም ካልሆነ ተነሥታችሁ ሂዱ።
3. ከሥር እዩ። የክረምት ጨው የወረደውን ወለል ከተራ ቫን ይበልጥ ያጠቃዋል። ዝገቱ ብየዳው ላይና የራምፑ ሐዲድ ላይ ከሆነ ዋጋ መቀነስ መፍትሔ አይደለም፤ ተዉት።
4. ራምፑን አምስት ጊዜ በተከታታይ ክፈቱና ዝጉ። በመጨረሻ ላይ ፍጥነቱ ከቀነሰ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ የራምፑ ሞተር ሊበላሽ ነው።
5. በእጅ ክፈቱት። ሻጩ ኃይል ሲጠፋ እንዴት እንደሚከፈት ያሳይ። ካላወቀ መጽሐፉን ይስጣችሁ።
6. ማጎንበሻውን እዩ። ራምፑ ሲወርድ ቫኑ በዚያ ጎን ዝቅ ይላል። ካላጎነበሰ ራምፑ ቀጥ ብሎ ይቆምና በእጅ ለመግፋት ያስቸግራል።
7. ሰውየውን በራሱ ወንበር አስገቡት፣ እሰሩት፣ ፍጥነት መቀነሻ ባለበት መንገድ 15 ደቂቃ ንዱ። አናቱ ጣሪያ ከነካ ወይም ወደ ውጭ የሚያየው ኮርኒስ ብቻ ከሆነ ያ ቫን የእሱ አይደለም።

በመጨረሻ ለተራው መካኒክ ሞተሩን፣ ለዊልቼር ቫን ዲለር ደግሞ ለውጡን አሳዩ። ተራው ጋራዥ ራምፕ አያውቅም።

## ደረጃ 8፦ ወረቀት

ግብር። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ፣ ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ የመኪና የንብረት ግብር ይጨመራል። አንዳንድ ግዛቶች የለውጡን ዋጋ ከግብር ነፃ ያደርጋሉ፤ ለይቶ የተጻፈው ደረሰኝ እዚህም ይጠቅማል።

ኢንሹራንስ። የቫኑን መለወጥ በስልክ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቁ፤ የተጨማሪ ዕቃ ሽፋን ጠይቁ። ይህ ከሌለ ቫኑ በአደጋ ሲጠፋ የሚከፈላችሁ የተራ ሚኒቫን ዋጋ ነው፤ ለለውጡ የወጣው 20 ወይም 30 ሺህ ዶላር ሜዳ ላይ ይቀራል።

የማቆሚያ ፈቃድ። በሜሪላንድ «ቪአር-210»፣ በቨርጂኒያ «ሜድ 10» የተባለውን ቅጽ ሐኪሙ ይሞላል። ይህን ቫን ሳይገዛ አውጡ፤ ፈቃዱ የሰውየው እንጂ የመኪናው አይደለም፣ በዘመድ መኪናም ይሠራል። ሰውየው ሳይኖር መጠቀም ቅጣት አለው።

ቤት። አፓርታማ ከሆነ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ የተለየ ማቆሚያ ጠይቁ፤ የፌዴራል የቤት ሕግ ይደግፋችኋል። ደብዳቤው ላይ ራምፑ የሚዘረጋበት 8 ጫማ ባዶ ቦታ እንዲኖር ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ በሁለት መኪና መካከል ጠባብ ቦታ ይሰጣችኋል።

ዲሲ ውስጥ ከከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚ ማግኘት መብት ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ያዛል። ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ።

## ደረጃ 9፦ ማሰር

በፍጥነት አታድርጉት። ወንበሩ ፊቱን ወደ ፊት ያዙር፣ ወደ ጎን ፈጽሞ አይሁን።

1. ፍሬኑን ያዙ፣ የኤሌክትሪክ ከሆነ አጥፉት። ጠረጴዛና የተንጠለጠለ ቦርሳ አንሱ።
2. ሁለቱን የፊት ማሰሪያዎች በተበየደው አካል ወይም በማሰሪያ ነጥቦቹ ላይ ያዙ። ጎማ፣ የክንድ ማሳረፊያ ወይም የእግር ማሳረፊያ ላይ አታስሩ፤ በግጭት ይነቀላሉ።
3. ሁለቱን የኋላ እሰሩና አጥብቁ። የኋላው ማሰሪያ ከወለሉ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ፣ የፊተኛው ከ40 እስከ 60 ይሁን።
4. ወንበሩን ወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ እንደገና አጥብቁ።
5. የሰውየውን ቀበቶ ለየብቻ እሰሩ። በክንድ ማሳረፊያው ላይ ሳይሆን በሥሩ አልፎ በዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ፤ የትከሻው በደረት መሃል ይለፍ። ወንበሩ ላይ ያለችው ትንሽ ቀበቶ አቀማመጥ የምትይዝ ናት፣ በአደጋ ጊዜ ሰው አትይዝም።

ወለል ላይ ተቆልፎ የሚይዝ አውቶማቲክ ማሰሪያ ከፈለጋችሁ ከወንበሩ ሥር ለዚያ ሞዴል የተሠራ ብረት ይገጠማል። ብረቱ ስለሚወርድ በደረጃ 3 የለካችሁት ዝቅተኛ ክፍል ይቀንሳል፤ ራምፑ ጫፍ ላይ እንዳይነካ ከመገጠሙ በፊት አስሉ።

## ሲበላሽ

ራምፑ አይከፈትም። በዚህ ተራ እዩ፦ ማርሹ ፓርክ ላይ ነው? በሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል? ዳሽቦርዱ አካባቢ ያለው የራምፕ ማጥፊያ ቁልፍ ሳይታወቅ ተነክቷል? ሐዲዱ ውስጥ በረዶ ወይም ጠጠር አለ? ከዚያ ፊውዙን። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ማጥፊያው ቁልፍ ነው።

ግማሽ ላይ ቆመ። በኃይል አትጫኑት። ሞተሩን አስነሥታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩትና ሞክሩ፤ ባትሪው ወርዶ ሊሆን ይችላል። ሞተር ጠፍቶ ራምፑን ደጋግሞ መክፈት ባትሪ ይጨርሳል። ካልሆነ በእጅ ማላቀቂያው ዝጉት።

ሌላ መኪና ራምፑ የሚወርድበትን ቦታ ዘጋው። ሰውየውን ውጭ ተዉት፣ ቫኑን ወደ ባዶ ቦታ አውጡና እዚያ አሳፍሩት። ዊልቼር ውስጥ ያለን ሰው በእጅ ተሸክሞ በጠባብ በር ለማስገባት አትሞክሩ።

አዲሱ ወንበር ካልገባ። ቫኑን ከመሸጣችሁ በፊት ወንበሩን የሰጠውን ኩባንያ ጥሩ። የመቀመጫ ከፍታ፣ የጀርባ ማጋደልና የእግር ማሳረፊያ ብዙ ጊዜ ሊስተካከል ይችላል፤ 2 ኢንች ዝቅ ማለት በሩን ሊያሳልፍ ይችላል።